የማግኒዥየም ቸርኬና የባሌ ይሉኝታ

ባሌን በሽታው ሳይሆን ይሉኝታው ሊገድለው ነው ብዬ የፈራሁት፣ ዓለም ሁሉ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ በተቀመጠበት በዚያ ዘመን ነው። ሰው እጁን በአልኮል እያሸ ከቫይረስ ሲሸሽ፣ የእኔው ሰውዬ የተሰነጠቀ ቸርኬ አልጥልም ብሎ ይሟገተኝ ነበር። ለምን ቢሉ፣ የሰጡትን ሽማግሌ ቅር እንዳይላቸው።

ያኔ ከተጋባን ሁለት ዓመታችን ነው። የምንኖረው ጆሃንስበርግ፣ ሮዘተንቪል፣ ከአንድ ግቢ ጀርባ በተሠራች ሁለት ክፍል ቤት ነበር። ከጀፕስታውን አጠገብ፣ ያገራችን ሰው በጅምላ ከሚነግድባቸው ፎቆች በአንዱ ውስጥ መጋረጃና ብርድ ልብስ የምንሸጥባት ሱቅ ነበረችን። መንግሥት ሁሉም ቤቱ ይግባ ሲል፣ ዱቄትና ዘይት የሚሸጡት ልጆች በየታውንሺፑ፣ ስፓዛ የሚሏትን የሰፈር ሱቃቸውን ከፍተው ሲሠሩ የእኛዋ ተዘጋች። መጋረጃ አይበላማ። ስለዚህ ባልና ሚስት ለመጀመሪያ ጊዜ ከጧት እስከ ማታ ፊት ለፊት ተፋጠጥን። እኔ የዱራሜ ልጅ ነኝ፣ እሱ የሆሳዕና፤ የሚያግባባንም የሚያጣላንም አማርኛ ነው። ንዴቱ ከፍ ሲል ግን እሱ ወደ ሀድይኛው፣ እኔ ወደ ከምባትኛዬ እንሻገራለን። በዚያ ሰሞን ብዙ ተሻግረናል።

ያስታረቀን መኪናው ነው። መኪና ያልኩት ለአክብሮት ነው። ባሌ ነጋዴ ከመሆኑ በፊት ሆሳዕና ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ነው፤ እጁ ግራሶ ካልነካ የታመመ ይመስለዋል። አንድ ቀን ከአሮጌ ብረት መጣያ፣ አባቶቻችን ሳይወለዱ የተሠራች የፒካፕ ቅርፊት አስጎትቶ መጣ። ጣሪያዋን ቆርጦ ዝቅ አደረገ፣ ኮፈኗን አውልቆ ጣለ፣ ከሌላ መኪና ያወጣውን ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር ተከለባት። እዚህ አገር እንዲህ ያለውን «ሆት ሮድ» ይሉታል፤ የሽማግሌ ገላ ላይ የጎረምሳ ልብ መትከል ማለት ነው። ፓራፋንጎ የላት፣ መስኮት የላት፤ ያላት ሁለት ወንበርና ከኋላ አጭር የጭነት ሳጥን ብቻ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች አሾፉበት፣ እኔም አብሬ አሾፍኩበት። ወረቀቷ ግን የተሟላ ነበር፤ በወረቀት ባሌ ቀልድ አያውቅም።

በእገዳው ወራት ከተማው ጸጥ ከማለቱ የተነሣ ሦስት ቤት ርቆ ማንኪያ ሲወድቅ ይሰማ ነበር። ባሌ አንድ ጧት ሞተሩን ሲያስነሣ ከአጥሩ ወዲያ የሽማግሌ ድምፅ መጣ። ከስምንቱ አንዱ አይተኩስም፣ በግራ በኩል ሁለተኛውን ካንዴላ እየው አለ። ባሌ ካንዴላውን ነቅሎ ቢያይ ጥላሸት ለብሷል። ሰውየው መኪናዋን አንድ ቀን እንኳ በዓይናቸው አላዩዋትም፤ የሰሙት ብቻ ነው።

ከአባባ ጋር የተዋወቅነው እንዲህ ነው። ፖርቱጋላዊ ናቸው፣ ከማዴይራ ደሴት በወጣትነታቸው በሞዛምቢክ በኩል የመጡ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት የእሽቅድድም መኪና ሲፈቱና ሲገጥሙ ነው። ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፤ አንዲት ልጃቸው ኬፕ ታውን ናት፤ ሳንባቸው ደካማ ስለሆነ ከግቢ በር እንዳይወጡ በስልክ አስምላቸዋለች። «አባባ» ብለን ስንጠራቸው ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁን፤ ስንነግራቸው አጥሩን ሲደባብሱ ቆዩ፣ ከዚያ ወዲያ በሌላ ስም ብንጠራቸው አይሰሙም ነበር። እሳቸው ፖርቱጋልኛ ባለበት እንግሊዝኛ፣ እኛ አማርኛ ባለበት እንግሊዝኛ፣ በመካከላችን ደግሞ የግንብ አጥር። እሳቸው በመሰላል ብቅ ይላሉ፣ ባሌ ሳጥን ላይ ይቆማል፣ እኔ ልብስ እያሰጣሁ እሰማለሁ። ከግቢያቸው ወይን የጠመቁትን አንድ ጠርሙስ ሲያቀብሉን ጴንጤዎች ነን፣ አንጠጣም አልናቸው። ከበሽታው ይልቅ ይህ አሳዘናቸው።

ክረምቱ ገብቶ እገዳው ትንሽ ላላ ሲል፣ አንድ ቀን አንድ መንገደኛ ገፍቶ ያመጣው የአፈር ጋሪ በራችን ላይ ቆሞ አገኘን። ውስጡ በብርድ ልብስ የተጠቀለሉ አራት ነገሮች አሉ። አባባ ከራሳቸው በር ሆነው ፍቱት የሚል ምልክት ያሳያሉ። ባሌ የመጀመሪያውን ገለጥ አደረገና መሬት ላይ ቁጭ አለ። የመኪና ቸርኬ ነው፤ ወርቅማ ቡኒ፣ አምስት ወፋፍራም ጣቶች ያሉት፣ ሲያዩት የሚያምር፣ ግን እንዲህ መሬት የሚያስቀምጥ ነገር አልታየኝም። ማግኒዥየም ነው አለኝ፤ ድሮ ለእሽቅድድም መኪና ብቻ የሚሠራ። አባባ ይሠሩበት የነበረው ቡድን ሲበተን የመሰናበቻ ብሎ የሰጣቸው ነው፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልጋቸው ሥር ኖሯል። እኔ ላግዝ ብዬ አንዱን ጎንበስ ብዬ፣ እንደ ብረት መስሎኝ፣ ባለኝ ኃይል ሳነሣው በአናቴ ላይ ሊያልፍ ምንም አልቀረው። ከአሉሚኒየም ድስቴ አይከብድም። አባባ በራቸውን ይዘው እስኪያስላቸው ሳቁ።

በዚያው ቀን ባሌ እውነተኛ ማግኒዥየም መሆኑን ሊፈትን አቼቶዬን ይዞ ወጣ። ጠብታ ሲያደርግበት ቸርኬው እንደ ለስላሳ መጠጥ ተንጫጫ፤ ማግኒዥየም ኮምጣጣ አይወድም፣ ይበላዋል። ከዚያ ከጠርዙ በሞረድ ጥቂት ብናኝ አውጥቶ ጣሳ ላይ ለኮሰው፤ ዓይን የሚያጠፋ ነጭ ብርሃን ቦግ አለ። እሱ ሲደሰት እኔ ስለ አቼቶዬ አሰብኩ፤ በዚያ ሰሞን ሱቅ መሰለፍ ቀልድ አልነበረም። አባባ ከኮመጠጠ ወይን የወጣ የራሳቸውን አቼቶ በአጥሩ ላይ አቀበሉኝና ታረቅን።

ቸርኬዎቹን ሲሰጡ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅሏቸው» አሉ። «የተሰቀለ ነገር ሳይ ይጨንቀኛል። መንገድ ላይ ይሂዱ፣ እኔም በር ላይ ቆሜ ልስማቸው።»

ባሌ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቃል ገባ። የእኛ ሰው እንዲህ ቃል ከገባ አለቀ፣ ሰማይ ቢወርድ አይመለስም።

ስለ ማግኒዥየም ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ካላወቅኩም በግድ ተነግሮኛል። ውሃ አይወድም፣ በሳሙና አይታጠብም፣ ዝናብ ከነካው ቶሎ ይጠረጋል። ከሁሉ የሚገርመው አየር ያፈሳል። ብረቱ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ስላለው፣ ማታ የተነፋ ጎማ ጧት ለሰስ ብሎ ይገኛል። የእሽቅድድም ሰዎች ይህ አያስጨንቃቸውም፣ ውድድሩ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። እኛ ግን ጧት ጧት እንደ ላም አላቢ በእግር መንፊያ አራቱን ጎማ መንፋት ሥራችን ሆነ። አባባም ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ይሰማሉ፤ አንዳንዴ ይቆጥሩልናል።

የመጀመሪያው ቀን ግን ሌላ ነው። ቅዳሜ ጧት ነበር። አባባ ሸሚዛቸውን ቆልፈው፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣ በራቸው ላይ ቆመዋል። እኛ በፊታቸው በዝግታ አለፍን። ከኋላ ዞር ብዬ ሳያቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ፎርድስበርግ ደርሰን ቅመምና ሥጋ ገዝተን እስክንመለስ እዚያው ቆመው ጠበቁን። ባሌ ከመኪና ሲወርድ እንደ ሙሽራ ነበር። እኔም፣ ልደብቀው አልፈልግም፣ የሱቁን መዘጋት የዚያን ቀን ረሳሁት።

ችግሩ የመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። የኋላ ግራው ጎማ ከወንድሞቹ ቀድሞ መተንፈስ ጀመረ። ባሌ የቸርኬውን ውስጥ አየር የሚይዝ ቀለም ልቀባው ብሎ ጎማውን አወለቀ። ከዚያ፣ ሆሳዕና ጋራዥ እንደተማረው፣ በላምባ አብሶ በደንብ ጠረገውና የፉርኖ ዱቄቴን በላዩ በተነ። የተሰነጠቀ ነገር ላምባውን ደብቆ ይይዛል፣ ዱቄቱ ሲነካው ይተፋዋል። ትንሽ ቆይቶ ከአንዱ የቸርኬው ጣት ሥር፣ ሁለት ጣት የሚሆን ቀጭን እርጥብ መስመር ብቅ አለ። ሌሎቹን ሦስቱንም እንዲሁ አየ፤ ጤነኞች ናቸው።

ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኩት። ብረት ሲጎዳ ይታጠፋል፣ ማግኒዥየም ግን ይሰበራል አለኝ። መቼ? ዛሬም ሊሆን ይችላል፣ ከዓመት በኋላም፣ አውራ ጎዳና ላይም። አንድ የኋላ ጎማ አውራ ጎዳና ላይ ከተሰበረ ምን እንደሚሆን አልጠየቅኩትም።

«በቃ፣ አሁኑኑ ሄደህ ንገራቸው» አልኩት።

«ሰውየው ካላቸው ነገር ትልቁን ሰጥተውኝ፣ ስንጥቅ ሰጡኝ ልበላቸው? ምን ይሉኛል?»

«ምንም አይሉህም። ቀብርህ ላይ ግን ያለቅሱልሃል።»

ከዚያ ወደ ከምባትኛ ተሻገርኩ፣ እሱም ወደ ሀድይኛ። አልተግባባንም፣ ግን ተደማመጥን። ባሌ ዝም ብሎ ልተወውና መኪናዋ ድሮ የነበሯትን የብረት ቸርኬዎች ልግጠም አይልም፤ ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት አባባ በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ካልወጣን ደግሞ ታማችሁ ነው ወይ ብለው ይደውላሉ። በዚያ ዘመን «ታማችሁ ነው ወይ» ቀላል ጥያቄ አልነበረም።

መጨረሻ ላይ የመጣለት ዘዴ፣ የእኛ አገር ሰው ካልሆነ በስተቀር የሚያስበው ያለ አይመስለኝም። ቅዳሜ ጧት አራቱንም ማግኒዥየም ገጥመን ከግቢ እንወጣለን። አባባ እጃቸውን ያነሣሉ፣ ባሌ ጥሩምባ ይነፋል። በሰው እርምጃ እስከ መንገዱ ጫፍ እንሄዳለን። ጥጉን ታጥፈን በእገዳው ከተዘጋው የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ስንደርስ ይቆማል፣ ክሪኩን ያወርዳል፣ አስፋልት ላይ ይተኛል። የኋላዎቹን ሁለት ማግኒዥየም ይፈታል፣ ሳጥኑ ውስጥ በሸራ የሸፈንናቸውን ጥቋቁር የብረት ቸርኬዎች ይገጥማል። የፊቶቹ ጤነኞች ስለሆኑ አይነኩም። ስንመለስ እዚያው ጥግ እንቆምና ብረቱን ፈትቶ ማግኒዥየሙን ይመልሳል። ከዚያ አራቱም እያበሩ በአባባ ፊት በክብር እንገባለን። በእያንዳንዱ ቅዳሜ ሁለት ጊዜ እንዲህ ይተኛል፤ ለአንድ ሽማግሌ ፈገግታ ሲል።

የእኔ ሥራ ብሎኖቹን በሻሼ ይዞ መቆም ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ አንድ ቀን አቻኮለኝና ሁሉንም ሣሩ ውስጥ ዘርግፌያቸው ተንበርክኬ ስለቅም አረፈድኩ። ክሪኩ ደግሞ ሲዞር የሚጮኸው ጩኸት እንደ አህያ ነው። ዘይት ቀባው እለዋለሁ፣ እሺ ይላል፣ አይቀባውም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቲማቲምና ስፒናች የምትሸጥ አንዲት የዙሉ ሴት ነበረች። እኔ በቋንቋዋ ሰላም ለማለት «ሳዉቦና» እላታለሁ፣ እሷ «ዬቦ» ትለኛለች። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጎማ የሚተነፍስብን ዕድለ ቢስ ሰዎች አድርጋ ታዝንልን ነበር። «ሻም፣ ዛሬም ፓንክቸር?» እያለች፣ «ሻም» የዚህ አገር «እኔን» ነው፣ ትልቅ ድንጋይ አቅፋ ትመጣና መኪናው እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር ታስገባለች። እውነቱን ልንነግራት አፈርን። እሷንም በይሉኝታ ዝርዝር ውስጥ ጨመርናት ማለት ነው።

እኔ ግን በሆዴ አላረፍኩም። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ከቤታችን እስከዚያ ጥግ፣ በሰው እርምጃም ቢሆን፣ ዓይኔ ከኋላ ግራው አይነቀልም። ባሌ አንድ ቀን ሲሰንፍ፣ ወይም ዝናብ ሲመጣ፣ ዛሬስ እንዲሁ ልሂድበት ቢልስ እያልኩ እሰጋለሁ። ስንመለስ ደግሞ ሌላ ስጋት አለ። በዚያ በጋ የአምቡላንስ ጩኸት አያቋርጥም ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያናችንም በስልክ ጸልየን በስልክ የቀበርናቸው አሉ። ጥጉን ታጥፈን መንገዳችን ውስጥ ስንገባ፣ ከቸርኬውም ከባሌም አስቀድሜ የማየው የአባባን በር ነው። ነጭ ራሳቸው እዚያ ካለ ትንፋሼ ይመለሳል። ሰውየውን እወዳቸው ነበር፤ ባሌን ሊገድሉብኝ ነው እያልኩም እወዳቸው ነበር።

በጋው አለፈ፣ ሱቃችንም ተከፈተች፣ ቅዳሜያችን ግን አልተለወጠም። ከዚያ የሽማግሌዎች ክትባት ተጀመረ። ልጃቸው ከኬፕ ታውን ሆና አስመዘገበቻቸው፤ ቀጠሮውም ቅዳሜ ሆነ። አባባ በመሰላላቸው ብቅ ብለው ነገሩን። ከአንድ ዓመት በላይ ከዚያ በር ወጥተው አያውቁም። ባሌ በደስታ እኔ አደርስዎታለሁ፣ የጎረቤታችንን ደህና መኪና እዋሳለሁ አለ።

«የምን ደህና መኪና?» አሉ። «በሆት ሮዱ ነው የምሄደው። ከጎንህ ቁጭ ብዬ። በአራቱም ማግኒዥየም።»

ባሌ እሺ አለ። አፉ እሺ ሲል ፊቱ እንደ ዱቄቴ ነጣ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ አባባ ውስጥ ተቀምጠው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ቸርኬ መቀየር አይቻልም። ወይ እውነቱን መናገር ነው፣ ወይ ሽማግሌውን በተሰነጠቀ ቸርኬ ላይ ጭኖ ከተማ መግባት።

የቀጠሮው ሳምንት ባሌ ያላሰበው ተንኮል የለም። ሞተሩ ተበላሸ ልበል አለ፤ ሞተር ተበላሸ ቢላቸው በአጥር ዘለው ይመጣሉ። ያስለኛል ብል ይተዉኝ ይሆን አለ፤ ያኔ የሚያስለው ሰው አጠገብ ማንም አይደርስም፣ እውነት ነው። ግን ክትባቱስ? በመጨረሻ በጣም በዝግታ ብነዳስ ሲል ትዕግሥቴ አለቀ። አንተ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ፣ እኔ እንደ አንተ ይሉኝታ አላሰረኝም ብዬ አምባሻዬን ጋግሬ፣ ማስኬን አጥልቄ ወደ አባባ ግቢ ሄድኩ።

ቅጠሉ በረገፈ ወይናቸው ሥር፣ ራቅ ራቅ ብለን ተቀመጥን። አፌን ከፈትኩ። ስለ ልጃቸው ጠየቅኋቸው። ስለ ብርዱ አወራሁ። ወይኑ መቼ እንደሚገረዝ ጠየቅኋቸው፤ እኔ ስለ ወይን ምን አገባኝ። አምባሻው ሲጋገር ምን ምን እንደሚገባበት ዘረዘርኩ። አባባ አንገታቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ፤ እኔ ፊታቸውን ባየሁ ቁጥር ምላሴ ይታሰራል። ያን ሁሉ ወር በባሌ ላይ ስፎክር የኖርኩት ሴት፣ ያ ስጦታ ልክ አይደለም የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አጣሁ። ይሉኝታ ተላላፊ ነው፣ ማስክም አያግደውም። በቃ ልሂድ ብዬ ተነሣሁ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ለባልሽ ንገሪው። ያ ክሪክ ዘይት ይፈልጋል።»

የቱ ክሪክ አልኳቸው፣ ድምፄ ቀጥኖ።

«ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጮኸው።»

ተመልሼ ቁጭ አልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አባባ ሁሉንም ያውቁ ነበር። የኋላ ግራው ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ሲነፋ በአጥሩ በኩል ሰምተዋል፤ ያኔ ነው የረሱት ነገር ትዝ ያላቸው። ከእነዚያ አራት ቸርኬዎች አንዱ ድሮ በውድድር ላይ የመንገዱን ጠርዝ መትቶ ነበር። የቱ እንደሆነ ከዚያ ቀን በፊት አላስታወሱም። ሊነግሩን ፈልገው ባሌ በደስታ ሲንሳፈፍ አዩና አፈሩ፤ የሰጡትን ነገር ተበላሽቷል ብሎ መንጠቅ ከበዳቸው። በቀጣዩ ቅዳሜ ስንወጣ በራቸው ላይ ቆመው ማርያምን ይለማመኑ ነበር። እኔ ያን ቀንም እንደ መጀመሪያው በደስታ ዓይናቸውን የጨፈኑ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ከጥጉ ወዲያ ክሪኩ ጮኸ። ብሎን አስፋልት ላይ ሲወድቅ ሰሙ። ስንመለስም እንደገና ጮኸ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ምን እየተሠራ እንደሆነ ለእሳቸው የተሰወረ አልነበረም። የዚያን ቀን ቤት ገብተው አንድ ብርጭቆ ወይን ጠጡ፤ ለባሌ ጤና።

ታዲያ ለምን ዝም አሉን ብዬ ጠየቅኋቸው። ተቆጥቼም ነበር፤ ያን ሁሉ ወር ልቤን ይዤ ቆሜ።

«አንድ ሰው ለእኔ ደስታ ብሎ በየሳምንቱ አስፋልት ላይ ይተኛል» አሉ። «ልጄ እንኳ በስልክ ነው የምትወደኝ። ይህን ምን ብዬ ላስቁመው?»

ወይኑን አየሁ፣ አምባሻውን አየሁ። ታዲያ አሁን በአራቱም ማግኒዥየም ውሰዱኝ ያሉት ለምንድን ነው አልኳቸው።

«እንዲነግረኝ ነዋ። እኔ ልጀምር ብል አፈርኩ።»

ቤት ተመልሼ ለባሌ ስነግረው መጀመሪያ ጆሮው ቀላ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ቸርኬዎቹ የመጡ ቀን እንደተቀመጠው። ከዚያ ሳቁ መጣ፣ እኔም ተከተልኩት፣ ከአጥሩ ወዲያም ሦስተኛ ሳቅ ተሰማ። ባሌ ተነሥቶ መጀመሪያ የሠራው ሥራ ክሪኩን ዘይት መቀባት ነው። ያን ሁሉ ወር እኔ ስለምነው ያልቀባውን።

አባባ ራሳቸው ማስካቸውን አጥልቀው ወደ ግቢያችን መጡ። የፊቶቹን ሁለት ማግኒዥየም በላምባና በዱቄት እንደገና መረመሯቸው፤ ዱቄቱ ያው የእኔው ነው። ጤነኞች ናቸው፣ በደረቅ መንገድ፣ በዝግታ፣ እየታዩ ይሂዱ ብለው ፈረዱ። ከኋላ የብረቶቹ ተገጠሙ። ይኸውም ስንነዳበት የኖርነው ነው፣ የቀረው መደበቁ ብቻ ነው። ጤነኛው የኋላ ቸርኬ መንታውን ስላጣ ወደ ብርድ ልብሱ ተመለሰ። የተሰነጠቀውን ግን አባባ በእጃቸው በመካከላችን ባለው ግንብ ላይ ሰቀሉት። የተሰቀለ ነገር ይጨንቀኛል አላሉም ነበር ብላቸው፣ ጡረታ የወጣ ነገር ማረፊያ ያስፈልገዋል አሉ።

ቅዳሜ ደረሰ። አባባ ከረባት አስረው መጡ። ከባሌ ጎን ተቀመጡ፣ እኔ ከኋላ ሳጥኑ ውስጥ ከሱቅ ባመጣኋቸው ብርድ ልብሶች ላይ። ባሌ በጣም ተጠንቅቆ ነዳ፤ ግንባሩን አልቦት ነበር። እዚህ አገር «ሮቦት» በሚሉት የትራፊክ መብራት ላይ ቀይ ይዞን ስንቆም፣ የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ አያቴ፣ የኋላዎቹን ማን ሰረቀባችሁ አለ። አባባ ወደ ሹፌሩ ዞረው፣ የፊቶቹ የእኔ ናቸው፣ የኋላዎቹ የእሱ ናቸው አሉ፣ ባሌን በአውራ ጣታቸው እየጠቆሙ። ክትባቱ የሚሰጥበት አዳራሽ ደጅ የተሰለፉት ሽማግሌዎች ሰልፋቸውን ትተው መኪናዋን ከበቡ። አባባ ክንዳቸውን እስኪወጉ ድረስ ስለ ማግኒዥየም አስተማሩ። ሲወጡ የተወጋ ክንዳቸውን እንደ ሜዳሊያ ይዘውት ነበር።

ስንመለስ የባሌ ትከሻ ወርዶ ነበር፤ ፍርሃቱ ለቆት፣ በአንድ እጁ እየነዳ፣ እያፏጨ። ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ስንደርስ መኪናዋ ቆመች። ለምን እንደቆመ እሱም አላወቀም፣ እግሩ ነው ያቆመው። ያን ያህል ወር ስንመለስ እዚያ ቆመናል። የአትክልት ሻጯ «ሻም» እያለች፣ ድንጋዩን አቅፋ፣ እየሮጠች መጣች። ባሌ መሪውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እኔ ከኋላ ሻሼን ይዣለሁ፤ ብሎን ልቀበል ተዘጋጅቼ።

አባባ ሴትዮዋን አዩ፣ ድንጋዩን አዩ፣ አስፋልቱ ላይ፣ ባሌ ሲተኛበት በኖረው ቦታ፣ ያለውን የዘይት ነጠብጣብ አዩ። ከዚያ እጃቸውን በባሌ ጉልበት ላይ አሳረፉ።

«ንዳ ልጄ» አሉ። «ዛሬ በር ላይ ቆሞ የሚሰማን ሰው የለም።»

ባሌ ማርሽ አስገባ። ጥጉን ታጥፈን መንገዳችን ውስጥ ስንገባ ዓይኔ እንደ ልማዱ ቀድሞ ወደ አባባ በር ሮጠ። በሩ ባዶ ነበር። ከዚያ ከፊቴ፣ ከባሌ ራስ ጎን፣ በነፋሱ የተበተነውን ነጭ ፀጉር አየሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር።